የዚያ መስከረም ቀሚስ

የሰፈራችን ሴቶች ክረምቱ ሊወጣ መሆኑን የሚያውቁት ከእትዬ ሱቅ መስኮት ነበር።

እትዬ የምላቸው አሠሪዬን ነው። ከቁስቋም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር ባለ አንድ በርና ባለ አንድ ሰፊ መስኮት የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ፍልሰታ ሲገባ መስኮቱን ከውስጥ በጋዜጣ ይሸፍኑታል። ከቅዳሴ የሚመለሱ ሴቶች ነጠላቸውን እንዳጣፉ ቆመው በጋዜጣው ስንጥቅ ለማጮለቅ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፤ ጾም ላይ መሆናቸውን እንኳን ይረሱታል። ጾሙ በተፈታ ማግስት ጋዜጣው ይነሳል። ያኔ የመስከረም ልብስ ታየ ማለት ነው፤ አዲሱ ጨርቅ፣ አዲሱ ኮሌታ፣ የዓመቱ የቀሚስ ርዝመት። «ዘንድሮ ጉልበት ተሸፈነ» ይባላል። ወይም «ዘንድሮ እጅጌ ሰፋ»። ከዚያ ወዲያ በጠባብ እጅጌ የምትሄድ ሴት ካለፈው ዓመት ተረስታ የቀረች ትመስል ነበር።

እኔ እዚያ ሱቅ የገባሁት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይሳካልኝ ሲቀር ነው። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ በልጅነቴ ሞተ። እናቴ ጥጥ እየፈተለች፣ ፈትሏን ለሸማኔዎች እየሸጠች አሳደገችኝ። ለእሷ አንድ ነኝ። እትዬ ዘንድ መለካት፣ መቁረጥና መስፋት ተማርኩ፤ የመስከረም ልብስ ሲወጣ ደግሞ አዲሱን ቀሚስ ለብሼ በር ላይ መቆም ሥራዬ ሆነ። ፒያሳ ያሉት ትልልቅ ሱቆች ልብስ የሚያለብሱት አሻንጉሊት ነበራቸው። እትዬ ግን «አሻንጉሊት አትስቅም፤ አንቺ ትስቂያለሽ» ብለው እኔን ያቆሙኛል። እውነትም እስቅ ነበር። ወጣት ነበርኩ፣ ወገቤም ቀጭን ነበር፤ መንገደኛው ዞር ብሎ ሲያየኝ ፈተና መውደቄን እረሳዋለሁ።

እትዬ ራሳቸው ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከግራጫ ጉርድና ከነጭ ሸሚዝ ሌላ ለብሰው አያውቁም። ልጅም አልነበራቸውም። ለሌላው ሴት ግን ዓይናቸው ሰፊ ነበር። ደንበኛዋን ከእግር እስከ ራሷ ያዩና የጠየቀችውን ትተው የሚያምርባትን ጨርቅ ያወርዱላታል። ብዙዎቹ ይቆጣሉ። ለብሰው መስታወት ፊት ከቆሙ በኋላ ግን እጃቸውን ይዘው ይስሟቸዋል።

የምጽፈው ስለ አንድ ዓመት መስከረም ነው። ሰው ጠዋት ተነስቶ ሲወጣ መንገድ ዳር የወጣት ሬሳ የሚያገኝበት ዘመን ነበር። ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎባቸው ይጣላሉ። ስለዚያ ብዙ ሰው ጽፏል፤ እኔ የማውቀው ከባንኮኒው ኋላ ሆኜ ያየሁትን ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ደንበኞቻችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መናገር ጀመሩ። የሚጠይቁት ጥቁር ጨርቅ ነበር። ልጁ የተገደለበት ሰው ድንኳን መጣል፣ ጮኾ ማልቀስ፣ ከል መልበስ አይፈቀድለትም። ስለዚህ አንዷ ትመጣና «ለገጠር ዘመዴ ነው» ትላለች። ሌላዋ «ለትራስ ልብስ ፈልጌው ነው» ትላለች። ጥቁር የትራስ ልብስ! እትዬ አንድም ቀን መልሰው አልጠየቁም። ቆርጠው በአበባ ጨርቅ ብጣሽ ጠቅልለው ይሰጣሉ።

ለመስከረሙ ምን እንደሚያመጡ እኔም አላውቅም ነበር። ከውጭ የሚገባ ጨርቅ ጠፍቷል፤ መርካቶ ያሉት ነጋዴዎች መደርደሪያቸው ባዶ ነው ይባላል። እትዬ ግን ፍልሰታ ውስጥ አንድ ቀን በታክሲ ጭነው መጡ። ከማን እንዳገኙት አልነገሩኝም። ጓዳ አስገብተን ስንዘረጋው ክፍሉ ብርሃን የገባበት መሰለ። ስስ ነው፣ ለስላሳ ነው፤ መደቡ ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ጥቃቅን ቀይና አረንጓዴ አበባ ተበትኖበታል። እትዬ በመዳፋቸው ብዙ ጊዜ ዳሰሱት።

«በዚህ ዘመን ይህን የሚለብስ ማን ነው?» አሉ።

«ሁሉም» አልኳቸው።

ሰፋነው። ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ታችኛው ሰፍቶ የሚዘረጋ ክሎሽ፣ እጅጌው ከክርን ዝቅ የሚል፣ ኮሌታው ክብ፣ ከራሱ ጨርቅ የተሠራ ሰፊ ቀበቶ ያለው። ጋዜጣው በተነሳ ቀን ለብሼው በር ላይ ቆምኩ። ሴቶቹ ቆሙ። ዓመቱን ሙሉ መሬት መሬት እያዩ የሚያልፉ ሴቶች ቀና አሉ። ወደ ውስጥ ገብተው ጨርቁን በጣቶቻቸው መሃል እያሹ ተጫወቱ። አንዷ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው መስታወት ፊት ዞር ዞር አለች። አንዷ ጮክ ብላ ሳቀችና ራሷ ደንግጣ አፏን ያዘች። እትዬ ከባንኮኒው ኋላ ሆነው ያዩ ነበር። ሴት ስትስቅ ከሰሙ ብዙ ቆይተዋል።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር መጣች። ሁለት የታጠቁ አብዮት ጠባቂዎች አስከትላለች። ይህቺ ሴት ድሮ ከእትዬ ሱቅ የማትጠፋ ደንበኛ ነበረች፤ የሠርግ ልብሷንም የሰፉላት እሳቸው ናቸው። አሁን ካኪ ሱሪና ካኪ ኮት ነው የምትለብሰው። ገብታ ሰላምታ ሳትሰጥ ጨርቁን ጫፉን ይዛ አየችው።

«ምን ያህል አለ ከዚህ?»

«ለሰፈሩ ይበቃል» አሉ እትዬ ፈገግ ብለው። ልትገዛ የመጣች መስሏቸው ነበር።

«እንግዲያው ለሰፈሩ ይሆናል። ለአብዮቱ በዓል የማኅበራችን ሴቶች በሙሉ ይህን ለብሰው ይሰለፋሉ። ስፌቱ አንድ ዓይነት ይሁን። ጭቁን ሴቶች በደስታ መታየት አለባቸው።»

«በሙሉ?»

«በሙሉ። በተለይ ልጆቻቸው እርምጃ የተወሰደባቸው። ቤታቸው ቁጭ ብለው ሙሾ እንዲያወርዱ አንተዋቸውም።» ከዚያ ወደ መደርደሪያው ዞራ በጣቷ አመለከተች። «ያ ጥቁር ደግሞ ይውረድ። ከዛሬ ጀምሮ ጥቁር አይሸጥም።»

«ልጄ፣ ጥቁር እኮ ለብዙ ነገር...»

«ልጄ አይበሉኝ። አይሸጥም አልኩ።»

እትዬ ጥቁሩን ጣቃ አቅፈው ጓዳ አስገቡት። ሲመለሱ ፈገግታቸው ጠፍቷል። ጠዋት እየሳቁ ሲያሹት የነበሩትን ጨርቅ ሴቶቹ በማግስቱ ክትባት እንደሚወጋ ሰው ተሰልፈው መጡለት። ልካቸውን ስወስድ፣ እጅ አንሺ ስል ያነሳሉ፣ ዙሪ ስል ይዞራሉ። በዕድሜዬ ካየኋቸው የመስከረም ልብሶች ሁሉ የሚያምረው ያ ነበር፤ በአንድ ጀንበር ቅጣት ሆነ።

ከቀኖቹ በአንዱ፣ ወደ ማምሻው ላይ፣ ሌሎቹ ከሄዱ በኋላ አንዲት እናት ገቡ። ልጃቸው ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የነበረች ተማሪ ነበረች። ያለፈው ዓመት ለመስከረም ሰማያዊ መስመር ያለበት ነጭ ቀሚስ እኛው ዘንድ አሰፍታ ነበር፤ በርዝመቱ ከእትዬ ጋር ተከራክራ፣ ተከራክራ፣ በመጨረሻ አሸንፋቸው ነው የወሰደችው። ግንቦት ላይ ከቤቷ ወሰዷት። እርምጃ ተወሰደባት ተባለ። የት እንደተቀበረች ለእናቷ የነገረ የለም። እሳቸውም ከዚያ ጀምሮ ቡኒ ያረጀ ቀሚስ ለብሰው ነበር የሚወጡት፤ ጥቁር እንዳይባል፣ ጌጥ እንዳይባል።

«ልኬን እንድትወስጂ ተልኬ ነው» አሉኝ።

ሜትሬን አንስቼ ደረታቸውን፣ ወገባቸውን ለካሁ። ሰውነታቸው አልቋል። አጎንብሼ ርዝመቱን ስይዝ ከላይ ሆነው ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«የልጄን ልክ ባለፈው ዓመት የወሰድሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ።»

«ወገቧ ስንት ነበር?»

አስታውሰው ነበር። ነገርኳቸው። ቁጥሩን በከንፈራቸው ደገሙት፤ ሊያጠኑት የፈለጉ ይመስል እንደገናም ደገሙት። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሩ።

«እትዬ፣ ጥቁር ይስጡኝ። የሻሽ ያህል ትበቃኛለች። ቤቴ ዘግቼ ነው የማስራት።»

«ቤትሽን ይፈትሹታል» አሉ እትዬ።

«እና ምን ላድርግ? አበባ ለብሼ ወጥቼ ለገደሏት ላጨብጭብ?»

እትዬ ሄደው በሩን ዘጉና ጓዳ ገቡ። ጥቁሩን ጣቃ ይዘው ወጥተው ባንኮኒው ላይ ዘረጉት፤ በላዩ ላይ ቢጫውን አነጠፉበት። ስስ ጨርቅ ስለሆነ ጥቁሩ ወደ ላይ እንዳይታይ ሁለቱን በብርሃን አገላብጠው አዩ። በመሃላቸው ነጭ አቡጀዲ ጨመሩበት።

«ገበር እናደርግለታለን» አሉ። «ከላይ ያለው የእነሱ ነው። ገላሽን የሚነካው ያንቺ ነው።»

እናቲቱ የጥቁሩን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ፊታቸውን ቀበሩበት። ድምፃቸው እንዳይሰማ ጨርቁን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ነበር የሚያለቅሱት። ከግንቦት ወዲህ የመጀመሪያቸው እንደሆነ በኋላ ነው ለእትዬ የነገሯቸው። እኔ በሩን ደግፌ ቆሜ መንገዱን እጠብቅ ነበር።

ያንን ገበር የሰፋሁት በእጄ ነው፤ የመኪናው ስፌት ወደ ውጭ ያወጣዋል ብለን ስለፈራን። እንደዚያ ረቂቅ አድርጌ ሰፍቼ አላውቅም። እትዬ አጠገቤ ተቀምጠው መርፌው ላይ ክር ያስገቡልኝ ነበር።

እናቴ ምሳዬን ብዙ ጊዜ ሱቅ ድረስ ታመጣልኛለች። በዚያ ሰሞን እናቴ ሌላ ሰው ሆና ነበር። ውሻ ከጮኸ ትነሳለች፤ መኪና ከቆመ ትነሳለች፤ ጎረቤት ቤት በር ከተንኳኳ መጥታ እኔን አቅፋ ትተኛለች። ገበሩን በምሰፋበት ቀን እትዬ ደንበኛ ይዘው ባንኮኒው ጋ ነበሩ። እናቴ እንደ ልማዷ መጋረጃውን ገልጣ ጓዳ ገባች። ቀሚሱ ተገልብጦ ጉልበቴ ላይ ነበር።

ምሳ ዕቃውን እንደያዘች ቆመች።

«የማን ነው?»

ጥቁሩን ወደ ውስጥ አጠፍኩት።

«የዚያች ልጅዋ የሞተችባት ሴትዮ ነው?»

«እማዬ፣ አላየሽም።»

ቀሚሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «አላየሁም» አለች። ምሳዬን አስቀምጣ ወጣች።

የበዓሉ ዕለት ጎሕ ሲቀድ በቀበሌው ግቢ ተሰበሰብን። ከእንጦጦ የወረደ ጉም ግቢውን ሞልቶት ነበር። ሴቶቹ ሁሉ፣ እናቴም ጭምር፣ በቢጫ ተሰልፈዋል። እትዬ እንኳን ግራጫቸውን አውልቀው ቢጫ ለብሰው ከኋላ ቆመዋል። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር። ያ ሁሉ ክሎሽ፣ ያ ሁሉ አበባ፣ በጉሙ ውስጥ። ሌላ ዘመን ቢሆን እትዬ ከደስታ ብዛት ያለቅሱ ነበር። የተማሪዋ እናት ፊት ለፊት ቆመዋል። ቀጥ ብለዋል። ሲያዩኝ ራሳቸውን ትንሽ ነቀነቁልኝ፤ እኔም ልቤ ሞቀ። አሳለፍነው ብዬ አሰብኩ።

ሊቀመንበሯ ከክፍሏ ወጥታ በሰልፉ መሃል መሄድ ጀመረች። ግራ ቀኝ አላየችም። ቀጥ ብላ የተማሪዋ እናት ጋ ደርሳ ቆመች፤ ጎንበስ ብላ የቀሚሳቸውን ዘርፍ ገለበጠችው። ጥቁሩ ታየ፤ ከሥሩ አቡጀዲው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ገበር ነው» አሉ።

«ለማን የተደረገ ገበር?»

መልስ ሳትጠብቅ ሊቀመንበሯ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ማን እንደሰፋው ሳትጠይቅ ወደ እኔ መዞሯ ያኔ አልገረመኝም።

«አንቺ ነሽ የሰፋሽው። ነይ ፍቺው።»

አንዱ አብዮት ጠባቂ ከኪሱ ምላጭ አውጥቶ ሰጠኝ። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። ስፌቴን ማግኘት አቃተኝ፤ ረቂቅ አድርጌ ነበር የሰፋሁት። ከዘርፉ ጀምሬ ወደ ላይ ወደ ወገባቸው ስገባ እግራቸው ተገለጠ። ያኔ በዙሪያችን የነበሩ ሴቶች ማንም ሳያዛቸው ተጠግተው ከበቡን፤ ወንዶቹ እንዳያዩ በቀሚሶቻቸው ጋረዱን። እናቴ ከእነሱ ጋር አልነበረችም። ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ቀስ በይ ልጄ» አሉኝ የተማሪዋ እናት በሹክሹክታ። «ላይኛው እንዳይቀደድ፤ በዚያም ይይዙሻል።»

ጥቁሩ እግራቸው ሥር ወደቀ። ሊቀመንበሯ አንስታ ጠቅልላ በብብቷ ያዘችው። ከዚያ ሁለቱ ጠባቂዎች ወደ ኋላ ሄደው እትዬን ከሰልፉ አወጧቸው።

«ልጅቷ የታዘዘችውን ነው የሰፋችው» አሉ እትዬ። ከሌላ ነገር በፊት ያሉት ይህን ነው። «አዛዧ እኔ ነኝ።»

«እሷን ማን ነካት?» አለች ሊቀመንበሯ። አሁንም ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ነበር። ከላይ ወደ ታች አየችኝ። «እናትሽን አመስግኚ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ወደ እናቴ አየሁ። እናቴ መሬት መሬት ታይ ነበር።

ተሰልፈን ሄድን። አደባባዩ ጋ ደርሰን ግራ እጃችሁን አንሱ ሲሉን አነሳን፣ ይውደም ሲሉን ይውደም አልን። የተማሪዋ እናት ከፊቴ ነበሩ። እጃቸውን ከሁሉም ቀድመው ነበር የሚያነሱት። ከዘርፋቸው ሥር ያልጨረስኩት ክር ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ አያለሁ። ሌላ ያየሁት ነገር ትዝ አይለኝም።

ቤት እንደገባን በሩን ዘግቼ ጠየቅኳት።

«አንቺ ነሽ የነገርሽው?»

«አዎ።» ልትክደኝ እንኳን አልሞከረችም። ቢጫ ቀሚሷን እያወለቀች ነበር።

«ለምን እማዬ?»

«መርፌው ያንቺ እጅ ላይ ስለነበረ። እኔ ያየሁትን ሌላ ሰው ማየቱ አይቀርም። ሌላ ሰው ቢነግር የሚወስዱት አንቺን ነው። ቀድሜ ሄጄ ልጄን እንዳትነኩብኝ አልኳት፤ በማርያም ማለችልኝ።»

«በማርያም?»

«በማርያም።»

«እትዬስ?»

«እሳቸው ኖረዋል።»

«የዚያችስ ልጅ እናት? ምን አደረጉሽ እሳቸው?»

እናቴ ቀሚሱን አጣጥፋ አልጋው ላይ አስቀመጠች። ፊቷን አላዞረችም።

«የእሷ ልጅ ሞታለች» አለች። «የእኔ አልሞተችም።»

ብዙ ሌሊት ብቻዬን ስመልስላት አድሬያለሁ፤ ጠዋት ላይ ግን እስትንፋሴ ያለው በእሷ ቃል መሆኑ ትዝ ይለኝና ዝም እላለሁ። ልጠላት ሞከርኩ። ራት አቅርባልኝ፣ እግሬን አጥባልኝ፣ ነጠላዬን አጥባ አድርቃልኝ እንዴት አድርጌ ልጥላት? ልወዳትም ሞከርኩ፤ እሱም እንደ ድሮው አልሆነልኝም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ሆነን ቀረን።

እትዬ ቀበሌው እስር ቤት ገቡ። ስንቅ ይዤ ስሄድ ይቀበሉኛል፤ እሳቸውን ግን አያሳዩኝም። ከገና በኋላ ወደ ሌላ ቦታ ተወስደዋል ተባልኩ፤ የት እንደሆነ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ሱቁ ታሸገ። በኋላ እሽጉ ተፈትቶ የቀበሌ ሱቅ ሆነ፤ ስኳርና ሳሙና በራሽን የሚታደልበት። ሊቀመንበሯ አስጠራችኝ።

«ሱቁን የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ እዚያ ሥሪ» አለችኝ። ደግ ያደረገች መስሏት ነበር።

ሠራሁ። በዚያው ባንኮኒ ኋላ ቆሜ ስኳር መዘንኩ። ጨርቅ ሲመጣ ካኪና አቡጀዲ ነበር። ሰፊው መስኮት ላይ ትልቅ የጡንቻማ ሠራተኛ ሥዕል ተለጠፈበት፤ በሚቀጥለው ፍልሰታ ሴቶቹ ከቅዳሴ ሲመለሱ አጠገቡ አልፈው ሄዱ። አንዷም አንገቷን አላሰገገችም።

የተማሪዋ እናት ያንን ቢጫ ቀሚስ ሳያወልቁ ለበሱት። ለገበያም፣ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለቀበሌ ስብሰባም። አበባው ነጥቶ፣ ክርኑ አልቆ፣ መደቡ አመድ እስኪመስል ድረስ። ሌላ ልብስ አጥተው ይሁን፣ ለማሳየት ይሁን፣ አልጠየቅኳቸውም። ሊቀመንበሯ በመንገድ ስታገኛቸው ፊቷን ታዞር ነበር። እኔን ግን ቀድመው ሰላም ይሉኛል፤ ጉንጬን ይስሙኛል። እናቴንም እንዲሁ። እናቴ ያንን ሰላምታ ሽሽት መንገድ መቀየር ጀመረች፤ ቁስቋም መሳለሟን ትታ ሌላ ደብር ትሄድ ነበር። አንድ ክረምት ሴትዮዋ ቤታቸውን ዘግተው ወደ አገራቸው ሄዱ ሲባል ሰማሁ። አልተሰናበቱኝም።

እትዬን ያገኘኋቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ የደርግ ዘመን ማብቂያው አካባቢ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል። ለእናቴ መድኃኒት ልገዛ መጥቼ ፋርማሲው ደጃፍ ተሰልፌ ነበር። ከፊቴ የቆሙት አሮጊት ከዘራ ይዘዋል፤ እግራቸውን መሬት ላይ ሲያሳርፉ እሳት የሚረግጡ ይመስላሉ። ዞር ሲሉ አወቅኋቸው። ወድቄ ጉልበታቸውን ልስም ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

«አግብተሻል?» አሉኝ።

«አላገባሁም።»

«ልብስ ሰፊ ነበርሽ። ትሰፊያለሽ?»

«ትቼዋለሁ፣ እትዬ።»

ከንፈራቸውን መጠጡ። የእህታቸው ልጅ ዘንድ፣ ዊንጌት አካባቢ እንደሚኖሩ ነገሩኝ። ስለ እስሩ ምንም አላነሱም፤ እኔም እግራቸውን እንዳላየሁ ሆንኩ። ሰልፉ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። የእሷን መድኃኒት ነው የምገዛው። ደም ብዛት ነው ብለዋታል።»

«ጨው ትተው» አሉ።

ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። «እትዬ፣ ያኔ... እናቴ ናት...»

«አውቃለሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም። «የዚያኑ ቀን ነግራኛለች ያቺ ሊቀመንበር። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ ልጅ አልወለድኩም፤ ወልጄ ቢሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይቅር ብያታለሁ እንድልሽ ከሆነ ግን አልልሽም። አልዋሽሽም።»

ተራቸው ደረሰ። መድኃኒታቸውን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ሲያልፉ ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ በከዘራቸው ቀስ እያሉ ወረዱ። ልከተላቸው ፈለግሁ፤ ግን ሰልፉ ውስጥ ቆሜ ቀረሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ዘግይተሻል አለችኝ።

«እትዬን አገኘኋቸው» አልኳት።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋዋ ቆመ። ከዚያ የሰልፍ ማታ ወዲህ በመካከላችን ስማቸው ተነስቶ አያውቅም።

«ምን አሉ?»

ያሉትን ሁሉ ልነግራት ነበር። አፌ እስኪከፈት ድረስ ልነግራት ነበር። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ጣቶቿ በፈትል ብዛት ተጣመዋል።

«ጨው ትተው አሉ» አልኳት።

እናቴ ሽንኩርቱን ጨርሳ ወጡን ጣደች። ያን ማታ ራታችን ጨው አልነበረበትም። ከዚያ በኋላም አልነበረበትም፤ እስክትሞት ድረስ፣ ለእኔም ጭምር። ለብቻሽ ጨምሪበት አላለችኝም፤ እኔም አልጨመርኩበትም። በአንድ ትሪ እየቀረብን፣ እንደዚያው በላነው።